የልብስ ሰፊዋ ቁልፍ

ክፉ ቀን በደጉ ጊዜ ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡትን ሰዎች አንድ ጥግ ያስጠጋቸዋል። ጋሽ ቁልፉና የእንስሳት ሐኪሟም የተገናኙት እንዲሁ ነው። ሽማግሌው ዳቦ ፍለጋ ወጥተው ሲመለሱ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከዋናው መንገድ በኩል ተኩስ ተሰማ። ሮጡና ከአንድ የተዘጋ መድኃኒት ቤት በረንዳ ሥር ገቡ። የሰባ ዓመት ሰው ሲሮጥ ማየት በሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር። በረንዳው ሥር ነጭ ካፖርት የለበሰች ወጣት ከረጢቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ዝቅ ይበሉ አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለች ቦታ እየለቀቀች።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ሐኪም ነሽ መሰለኝ፤ ሰሞኑን ሥራ በዝቶብሻል።»

«ሐኪምስ ነኝ፣ የእንስሳት። ከወንዙ ማዶ ካለው የእንስሳት መጠለያ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ቀልድ መሰላቸው። «ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ቀን ለውሻ ሐኪም!»

ጋሽ ቁልፉ አርባ ዓመት ቁልፍ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ እውነተኛ ስማቸውን ከረሳው ቆይቷል። አንድ የማያፈርሱት ሕግ ነበራቸው፦ ባለቤቱ አጠገባቸው ካልቆመ የማንንም በር አይከፍቱም። ግርግሩ ሲጀመር የሸሹት ጎረቤቶች ቁልፋቸውን ለእሳቸው አደራ የሰጡትም ይህን ስለሚያውቁ ነው። ሰባት ቁልፎች በአንድ ቀለበት ታስረው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበሩ። ሲሮጡ እንዳይንሿሹ በእጃቸው ጨብጠዋቸዋል፤ የሰባት ቤት ቁልፍ ይዞ በፍተሻ የተያዘ ሰው ምን ስም እንደሚሰጠው ያውቃሉና።

«የዚህ ሰፈር ሰው ከሆኑ፣ ያንን አረንጓዴ በር ያውቁታል?» አለች ሐኪሟ።

ሽማግሌው ኪሳቸው ውስጥ ያሉትን ቁልፎች አጥብቀው ጨበጡ። «ምነው?»

«ውስጡ ውሻ አለ። ትናንት ሳልፍ ይጮኽ ነበር። ዛሬ መጮኹን ትቶ በሩን ብቻ ይቧጭራል። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።»

የአረንጓዴው በር ባለቤት፣ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ፣ ቁልፉን ከሰጠቻቸው ስምንት ቀኗ ነው። ልጆቿን ጭነት መኪናው ላይ ስታሳፍር ሾፌሩ «ውሻ አልጭንም!» ብሎ ጮኸባት። እሷም ወደ ሽማግሌው ሮጣ መጣችና «ለሦስት ቀን ነው ጋሼ። ቤቴን አደራ፣ ለማንም እንዳይከፍቱ!» ብላ ቁልፉን አስጨበጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ውሻው በጮኸ ቁጥር ጋሽ ቁልፉ ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገሩም።

«ቅር አይበልሽና ልጄ» አሉ፣ «የሰው ልጅ የሚበላው ባጣበት ጊዜ ለውሻ ማዘን ጥጋብ ነው ይሉሻል።»

«ኬላው ላይ ከረጢቴን የፈተሸው ሰውም እንዲሁ አለኝ። እኔ ግን ለሰውም ብዬ ነው። ባለቤቱ ጥሎት የሸሸ ውሻ ሲርበው አጥር ዘሎ ይወጣል፤ ካልተከተቡት ጋር ይነካከሳል። ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ሰፈር ይገባል። ልጅ ቢነከስ የት ይወስዱታል? ጤና ጣቢያው እንደሆነ ተዘግቷል።»

 ተኩሱ ቀረብ ብሎ ተሰማ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

«ባለፈው ሳምንት ደግሞ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ አናጢ ድመቱን ሊያወጣ ከሸሸበት ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተመታ። ብንስቅበትም ባንስቅበትም ሰው ለእንስሳው ሲል ይመለሳል አባባ።»

ጋሽ ቁልፉ ልብስ ሰፊዋን ልጆቿን ይዛ በዚያ መንገድ ስትመጣ አሰቧት። 

«እንግዲያ እንስሶቹን አንቺው ውሰጂያቸዋ!»

«የት ላድርጋቸው? መጠለያው ስድሳ ውሻና ሠላሳ ድመት ይዟል። መንገድ ከተዘጋ ወዲህ መኖ አልገባም፤ ከዘጠኝ ሠራተኞች የቀረነው ሁለት ነን። የምለምነው ጎረቤት ለጎረቤቱ እንስሳ ውሃና ምግብ እንዲያቀርብ ነው።»

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው» አሉ በድንገት።

ሐኪሟ ፊታቸውን አየች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ኖሮ ይቀላቸው ነበር።

«አደራ ነው!» አሉ ራሳቸው ተቆጥተው። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል አልሰማሽም? ለማንም አትክፈት ተብዬ እንዴት ልክፈት? ደግሞስ የሰፈሩ ጠባቂዎች ዱላ ይዘው ይዞራሉ። ትናንት አንዱን ሌባ ነህ ብለው ሲደበድቡት በመስኮት አይቻለሁ። እኔን ማን ይሰማኛል?»

«እውነትዎን ነው። እኔም እፈራለሁ።» ከረጢቷን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ግን ቤቱ ቢቃጠልስ? ይከፍቱ ነበር?»

«እንዴታ! እሳት ሌላ ነው።»

«ለውሻው ያው ነው። የሚፈሩት ተደብቀው ሲከፍቱ መያዝን ከሆነ አንደበቅ። ጠባቂዎቹን ራሳችን እንጥራቸው።»

ልማድ ደግ ነገር ነው፤ ሰው የሚታመነው በልማዱ ነው። ይሁን እንጂ ለሰላም ቀን የወጣ ሕግ በክፉ ቀን ነፍስ ሲያስጠፋ ዝም ብሎ መጠበቅ ታማኝነት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ጋሽ ቁልፉ ይህን በልባቸው ያውቁት ነበር፤ ሬዲዮኑን ከፍ ማድረጋቸውስ ከምን የመጣ ነው?

ተኩሱ ጋብ ሲል ተነሱ። ፊታቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ሦስት ጠባቂዎች ከመታጠፊያው ብቅ ሲሉ ሽማግሌው የቁልፉን ቀለበት አውጥተው ከፍ አደረጉት።

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ቁልፉ። የሰባት ቤት አደራ ይዣለሁ። ይህን በር በእናንተ ፊት ልከፍት ነው። ቆማችሁ እዩኝ፤ አንዲት መርፌ ብትጎድል እኔን ጠይቁ።»

 ከሦስቱ አንዱ ዱላውን ከእጅ እጅ አዘዋወረ።

«ውስጥ ምን አለ?»

«ድምቡሼ።»

«የልብስ ሰፊዋ ውሻ?» ሰውየው ጨርቁን ከፊቱ አወረደ። «እስካሁን እዚያ ነው እንዴ?»

በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉ ቀዳዳውን ሳተባቸው። በሩ ትንሽ ተከፍቶ ቆመ፤ ከጀርባው የተኛ ነገር ያዘው። ድምቡሼ ስሙ የወጣለት በውፍረቱ ነበር። አሁን የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፣ መዳፎቹ በመቧጨር ብዛት ደምተዋል። ውሃ የተተወለት ሳፋ ተልሶ ደርቋል። ሐኪሟ ተንበርክካ ጨርቅ አርሳ አፉ ውስጥ ጠብ ጠብ ታደርግለት ጀመር።

ጋሽ ቁልፉ ቀና ሲሉ በሩ ጎን፣ ውሻው የማይደርስበት ሚስማር ላይ፣ ከብጥስጣሽ ጨርቅ የተሰፉ ሦስት ትንንሽ ከረጢቶች አዩ። «ረቡዕ»፣ «ሐሙስ»፣ «ዓርብ» የሚል ተጽፎባቸዋል። አጠገባቸው በልጅ እጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር፦

«ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት አንዳንድ ይስጡልን። ውሃ በርሜሉ ውስጥ አለ። ኮቴዎን ስለሚያውቅ አይጮኽብዎትም።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡትና የስፌት መኪናው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«አደራውን በልቻለሁ ልጄ» አሉ። «ትመግበዋለህ ብለው ነው ለካ ቁልፉን የሰጡኝ።»

«ትንፋሹ አለ» አለች ሐኪሟ። «ሌሎቹ ስድስት ቤቶችስ?»

የሰዓት እላፊው ሊደርስ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ጋሽ ቁልፉ ብድግ አሉ። ስድስቱም በሮች በጠባቂዎቹ ፊት ተከፈቱ። ከአንዱ ቤት ሁለት ድመቶች በሕይወት ወጡ። በሌላው፣ በሽቦ ቤታቸው ውስጥ የነበሩት ወፎች ሞተው ተገኙ። ሽማግሌው በእጃቸው ቀበሯቸው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ቁልፍ አደራ የሚሰጥ ሰው፣ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር ካለ በጨርቅ ላይ ጽፎ ከቁልፉ ጋር ያስራል። በር የሚከፈተው በሁለት ምስክር ፊት ነው። ጠባቂዎቹ ከዱላው ጋር የውሃ ጀሪካን መያዝ ጀመሩ። ሐኪሟ አሥራ አራት ውሾችን በአስፋልቱ ዳር ከተበች፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ የተረፈ ዳቦውን ለመጠለያው ያዋጣል። ተኩሱ አልቆመም፤ ማታ ማታ ሁሉም በፍርሃት ነው የሚተኛው። ግን የተነከሰ ልጅ የለም።

ተቋርጦ የነበረው ስልክ የተለቀቀው ጎረቤቶቹ በሸሹ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ልብስ ሰፊዋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ነገ በእግሬ ልመጣ ነው። ልጆቹ ድምቡሼ ድምቡሼ እያሉ አላስተኛ አሉኝ።»

«እንዳትመጪ! መንገዱ ክፉ ነው። ይኸው እግሬ ሥር ተኝቷል፣ በልቷል።»

«እፎይ!» አለች። «አውቄ ነበር። ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው እያልኩ ነው የማጽናናቸው።»

እዚህ ላይ መዝጋት ይቻል ነበር። ጋሽ ቁልፉ ግን ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ልጄ፣ ረቡዕ አልከፈትኩም። ሐሙስም፣ ዓርብም። የከፈትኩት በስምንተኛው ቀን ነው።»



«ለልጆቹ አልነግራቸውም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የለም፣ ንገሪያቸው» አሉ ጋሽ ቁልፉ። «ነገ እነሱም የሰው ቁልፍ ይይዛሉ።»