ለሐኪሟ የተነቀነቀ ራስ

በቀደም ጠዋት ጎረቤታችንን ጋሼን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ከክሊኒኩ ደረጃ ሥር አገኘኋቸው። የታጠፈ ወረቀት ይዘው ፈዘው ቆመዋል።

«ዓይንዎን ታዩ ጋሼ?»

«ታየሁ። አበቃልኝ ልጄ። ሱቁን ለእህቴ ልጅ አስረክቤ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

«ምን አሉዎት?»

«ካራ... ካታ... ብቻ እንዲህ ያለ ስም ያለው በሽታ መድኃኒት ይኖረዋል?»

ወረቀቱን አነበብኩት። «ካ-ታ-ራክት» አልኩ ቆራርጬ። «ትርጉሙን ጠየቁ?»

«ሐኪም ፊት? እሺ እሺ እያልኩ ራሴን ስነቀንቅ ቆይቼ ወጣሁ። አዋቂን የቃል ትርጉም መጠየቅ ማፋጠጥ ነው። አንተ ባሕር ማዶ ተምረህ ጨዋነት ረሳህ!»

ነገሩ ነካኝ። ባሕር ማዶ እኔም ሳይገባኝ ለአስተማሪዎቼ ስነቀንቅ ሁለት ዓመት አባክኛለሁ፤ ይዤው የመጣሁት ትምህርት ለሰው መጥቀሙንም እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። ትርጉሙን እኔው ልነግራቸው እችል ነበር። ግን ነገ ሌላ ቃል ሲመጣ መልሰው ሊነቀንቁ ነው።

«አይፍሩ ጋሼ፣ ክፉ ነገር አይደለም። ግን ከሐኪሟ ይስሙት። ለመሆኑ ደንበኛ ኮት ሊያሰፋ መጥቶ ‹ገበር ይግባበት?› ሲሉት፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ እሺ ቢልዎትስ?»

«እሱንማ ተወው! ሊወስድ ሲመጣ ‹ይህን የውስጥ ጨርቅ ማን ጨምር አለህ?› ብሎ ሱቁን በጩኸት ያናጋዋል። ስንቱ አጨቃጭቆኛል!»

«አስቀድሞ ቢጠይቅዎት ይቀየሙታል?»

«ለምን ብዬ? ጨርቁን አሳየዋለሁ እንጂ።» ከዚያ በአገጫቸው ወደ ደረጃው አመለከቱ። «አንተ ነገረኛ! በል ቅደም።»

ሐኪሟ ክፍል ስንገባ ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ። «ይቅርታ ልጄ፣ ቅድም እሺ ያልኩሽ ሳይገባኝ ነው። ይሄ ካ-ታ-ራክት ምንድን ነው? ያሳውራል?»

«የዓይን ሞራ እኮ ነው አባባ! ከብሌንዎ ጀርባ ያለችው ብርሃን የምታሳልፍ ሌንስ ደፍርሳለች። በቀዶ ጥገና ወጥታ በሌላ ትተካለች። ‹የቀጠሮ ካርድ ከታች ይውሰዱ› ብዬዎት አልነበር?»

«ሞራ? የታላቅ እህቴም ሞራ ነበር! ተገፎላት ዛሬ ከመንገድ ማዶ የማን ቁልፍ እንደተበጠሰ ታያለች። ታዲያ ሞራን ይህን ሁሉ ካባ ምን አለበሰው?»

ሐኪሟ ከት ብላ ሳቀች። «ጥፋቱ የእኔም ነው። ሰው ሲነቀንቅልኝ የገባው ይመስለኛል። አሁን ያልኩትን በራስዎ አነጋገር ካልደገሙልኝ አልለቅዎትም።»

«የደፈረሰችውን ታወጫለሽ፣ ንጹሕ ታስገቢያለሽ፣ እኔም ወደ ስፌት መኪናዬ እመለሳለሁ!»

ያን ጠዋት በትምህርቴ ላይ የነበረኝ ጥርጣሬ ትንሽ ቀለለኝ። ትርጉሙ የተጠየቀ ቃል ግማሽ ፍርሃቱን እዚያው ይጥላል፤ ታማሚው ቀጠሮውን አይስትም፣ መድኃኒቱን አያምታታም፣ ሐኪሙም ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው ይለያል።

ካርዳቸውን ተቀብለን ስንወጣ ጋሼ አግዳሚው ላይ ወረቀቷን እያገላበጠች የተቀመጠች ሴት አይተው ቆሙ።

«እህቴ፣ የተጻፈልሽን ጠየቅሽ?»

«ኧረ አፍሬ...»

«እኔ በማፈሬ ሱቄን ላስረክብ ነበር። አንቺስ ምንሽን ልታስረክቢ ነው? ተነሺ፣ በሩን እኔ አንኳኳልሻለሁ።»