ወፍራሙ ቀርከሃ

ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለች መንደር የቀርከሃ አጠባበቅ ሳጠና፣ ወፍራም ወፍራሙን መርጬ ቀይ ቀለም ቀባሁ። ከዚያ ቀርከሃ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉትን እማማ ሐዋን «የደረሰው ይኸ ነው፣ ይቁረጡት» አልኳቸው። ገጀራቸውን መሬት ላይ ሰኩት። «ወላሂ አልቆርጥም። ቀርከሃ ሲወለድ ነው ወፍራም፤ በዕድሜ አይወፍርም። ቀለም የተቀባው ሁሉ ሕፃን ነው።» ገጀራውን ነቅለው በጀርባው አንድ ቀጭን፣ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣ ቀርከሃ መቱ፤ ድንጋይ እንደመቱ ጮኸ። «ትልቁ ይኸ ነው።»

ቢሮ ተመልሼ ይህንኑ ብናገር፣ አለቃዬ የሚቆረጠው ቀርከሃ የሚጸድቅበትን ቅጽ ገፋ አደረጉልኝ። «መመሪያው በውፍረት ነው የሚለው። የመንደር ወሬ ጥናት ውስጥ አይገባም፣ ፈርም።»

እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። «እንግዲያው እርስዎ ይፈርሙበት። ገጀራው ግን እማማ ሐዋ ጋ ነው።»