ለፋና የተገዛው ኪኒን

ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ከትሕትና ጋር ከገበያ ስንመለስ፣ ጎረቤቴን መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴን ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ አገኘናቸው። በጋቢያቸው ጫፍ አንድ ነገር ቋጥረዋል።

«የኔታ፣ ለተማሪዎችዎ ቆሎ ነው?» አልኳቸው።

«ለፋና ኪኒን ነው። የሰፈራችን ባንቺዓለም በዚህ አይደል መንታ የታቀፈችው። እስከ ፋሲካ ካልጸነሰች ብልባላ፣ ወላጆቿ ዘንድ እሸኛታለሁ። ለሽማግሌም ተናግሬአለሁ።»

ፋና የልጃቸው የወንዴ ሚስት ናት። ጸበሉን ብቻዋን ተጠመቀች፤ ሱባኤውንም ብቻዋን ገባች። በእኛ አገር መካን የምትባል ሴት እንጂ የሚባል ወንድ ሰምቼ አላውቅም።

ትሕትና የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። «የኔታ፣ ማን አዘዘላት?» አለች ቀስ ብላ።

«የባንቺዓለም ባል ስሙን ነገረኝ፤ ገዛሁ።»

«የባንቺዓለም እንቁላል በየወሩ በጊዜው አይወጣም ነበር፤ ኪኒኑ ያንን ነው የሚያግዘው። የፋና ችግር ሌላ ከሆነ ምንም አይሠራላትም። ያለ ሐኪም ክትትል ከወሰደችው ደግሞ እንቁላል ማምረቻዋ አብጦ ሊያሳምማት ይችላል።»

«ታዲያ ምን ትዋጥ?»

«ከመዋጧ በፊት ሁለቱም ይመርመሩ። የወንዴ ስለሚቀል ከእሱ ይጀመር።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ ምን ሆነና? ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ይውላል።»

«ሲያርስስ አይተናል» አልኩ እኔ። «ዘሩ ሳይታይ መሬቱ ብቻ ለምን ይወቀሳል?»

ትሕትና ፈገግታዋን ዋጥ አደረገች። መሪጌታ ግን ወደ እሷ ዞሩ። «ለወንድስ መድኃኒት አለው?»

«አለው፤ እንደ ምክንያቱ ነው። ኢንፌክሽን ከሆነ በመድኃኒት ይድናል፤ የሆርሞን ማነስ ከሆነ ሐኪም የሚያዘው መርፌ አለ፤ የቆለጡ ደም ሥር አብጦ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ይረዳል። መድኃኒት ያልታወቀለትም አለ። ጉልበት ይሰጣል እየተባለ በየሰፈሩ የሚወጉት የወንድ ሆርሞን ግን ዘሩን ያደርቀዋል።»

መሪጌታ ቋጠሯቸውን ትኩር ብለው አዩት። «ልጅ ሲዘገይ ብርታት ይሁነው ብዬ ያንን መርፌ እኔው ነኝ ያስጀመርኩት። እስካሁን አላቋረጠም» አሉ።

ዝም ማለት ስለማይሆንልኝ፣ «የኔታ፣ ዘካርያስ ኤልሳቤጥን ወላጆቿ ዘንድ ቢሸኛት ኖሮ ዮሐንስን ከየት እናገኘው ነበር?» አልኩ።

«ስምንተኛን ሳትጨርስ ወንጌል ልታስተምረኝ?» አሉ፤ ግን አልተቆጡም። «ጸበሉስ ይቅር ነው የምትሉኝ?»

«አይቅር» አለች ትሕትና። «ወንዴም አብሯት ይጠመቅ፤ አብሯትም ሐኪም ቤት ይሂድ።»

የዚያኑ ዕለት መሪጌታ ለሽማግሌዎቹ «ቀርቷል» ብለው ላኩባቸው። ሐኪሙ የወንዴን ዘር ሲያየው ከምንም የማይቆጠር ነበር፤ መርፌውን አስቆመው። ፋና ተመርምራ ጤነኛ ሆና ተገኘች፤ ኪኒኑም አላስፈለጋት። ዘሩ እስኪመለስ ወራት ፈጀ፤ መሪጌታም እንደ ድጓ ተማሪ መታገሥን ተማሩ።

የሁሉም ነገር እንዲህ አይቀናም፤ ታክመው ያልወለዱም አውቃለሁ። ቢሆንም ባልና ሚስት አብረው ከተመረመሩ መድኃኒቱ ለሚገባው ሰው ይደርሳል፤ የሰው ልጅም ባልበደለችው አትወቀስም።

ዘንድሮ መሪጌታ እንዳሉት ብልባላ ሄዱ። ፋናን ሊመልሱ ሳይሆን፣ ለወላጆቿ «ሴት ልጅ ተገላገለች» ሊሉ።