በባዶ ሆዱ የተጠመቀው ታክሲ

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይመስለኛል፤ ዓመቱን በእርግጠኝነት ለመናገር አልደፍርም። ከመካኒሳ አቦ ወደ ፉሪ የተሳፈርንበት ታክሲ ውሃው ፈልቶ ቆመ። አጠገቤ ጠበል በጀሪካን የያዙ አሮጊት ተቀምጠው ነበር። ከሹፌሩ ጋር የተነጋገሩት፣ ትውስታዬ ካላታለለኝ፣ የሚከተለውን ነው።

«እማማ፣ ራዲያተሩ ደርቋል። ከዚያ ጠበል ትንሽ ያካፍሉኝ።»

«ጠዋት ውሃ አልሞላህበትም?»

«ሞልቼ ነበር። አንዱ ቱቦ ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ሲቆም ጠብ አይልም፤ ሞተሩ ሲግል ብቻ በስሱ ያልበዋል።»

«ሲግለው የሚያልበው? ወባ ነዋ!»

«ወባም ይሁን ውሃ ይፈልጋል።»

«ልጄ ፉሪ ታማ ተኝታለች። ይህን ጠበል ብላ እህል አልቀመሰችም።»

«ካልሰጡኝማ አንደርስላትም።»

«እሺ፣ ግማሹን ውሰድ። ግን ጠበል በባዶ ሆድ ነው። ዛሬ ቀምሷል?»

«ማን?»

«መኪናህ ነዋ!»

«መኪና ደግሞ ምን ይቀምሳል?»

«ቤንዚኑስ?»

«እሱንማ የቀዳሁለት ትናንት ነው። ይኸው፣ ቀስቱ ታች ወርዶ ተኝቷል። ጠብታ አልቀረውም!»

«ማርያምን በል!»

«ማርያምን! ባዶ ሆዱን ነው።»

«እንግዲያስ ፈውስ ይሁንለት። ሙቀቱ ጋብ ሲልልህ ክዳኑን ክፈት።»

አሮጊቷ አማትበው ጠበሉን ሲያፈሱ፣ እኔ ጠብታ ቤንዚን ሳይኖረን የምንወጣውን፣ ከፊታችን የተዘረጋውን የፉሪን ዳገት ተመለከትሁ።