ልዩ ክፍል

አቶ ማንያዘዋል ከፋብሪካው የጽዳት ሥራቸው ወጥተው በእስራኤል አገር በአፉላ ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ አረፍ ሊሉ ሲሉ፣ የጎረቤታቸውን የየትነበርሽን ልጅ ኦዴያን ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ አገኟት።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? ምን ትጽፊያለሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ። የሲፍሩት፣ የሥነ ጽሑፍ የቤት ሥራ ነው። በልብ ወለዱ ያለው ሰው መጀመሪያ ደግ ነበር፤ የገጠመው ነገር ክፉ አደረገው። እንዴት እንደተለወጠ አስረጂ ተብዬ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። አገር ቤት ሳሉ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ በነገር የማይረቱ ሰው ነበሩ። እዚህ መጥተው መጥረጊያ ከያዙ አሥራ አራት ዓመት ቢሞላቸውም ኩራታቸው አልለቀቃቸውም።

«ደራሲው ሲዋሽ ነው! ሰው የተፈጠረበትን ይዞ ይሞታል። የእኔን ልጅ አሞስን አታይም? በልጅነቱ እሳት የላሰ ነበር፤ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ የሚያስተረጉምልኝ እሱ ነበር። ዛሬ ኢንዱስትሪ ቀጠና ካርቶን ይሸከማል፣ ትንፍሽ አይልም። ማን ነካው? የእናቱ ወገኖች ፈዛዞች ናቸው፤ ዘሩ ውሎ አድሮ ታየበት።»

«የገጠመው ነገር ይኖራል እኮ፣ አባባ።»

«ምን ይገጥመዋል? እንዲያውም ከጓደኞቹ መርጠው ልዩ ክፍል ነው ያስተማሩት! አሁን ደግሞ እህቱ ቲክቫ ተመርጣለች። መምህርቷ ‹ኪታ ሜዩሄዴት›፣ ልዩ ክፍል ብትለኝ ‹በሴደር፣ እሺ› አልኳት። ይኸው ወረቀቱ፤ የት ልፈርም?»

ወይ አለማወቅ! «ሜዩሄዴት» ልዩ ማለት መሆኑ እውነት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ግን ልጁ ከእኩዮቹ ጋር መማር አይችልም ማለት ነው። ያወቀ ይከራከራል፤ ያላወቀ ይደሰታል።

ኦዴያ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ ሹመት አይደለም። ትምህርት አይገባትም ብለው ሊለይዋት ነው።»

«ቲክቫ? በጥያቄ ራሴን የምታዞረው ቲክቫ?»

«ክፍል ውስጥ አትናገርም፣ የመምህር ዓይን አታይም ይላል።»

«በታላቅ ፊት አንገትሽን ድፊ ያልኳት እኔ ነኝ እኮ!» ድንገት ድምፃቸው ወረደ። «ለአሞስም የፈረምኩት ይኸንኑ ነው?»

«ልዩ ክፍል ካሉዎት ይኸው ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ዘሩ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ አገር ቤት ሳይነበብልዎ ይፈርሙ ነበር?»

«አገረ ገዥ ቢያዘኝ አልፈርምም!»

«ታዲያ እዚህ ምን ነካዎት?»

«አላዋቂ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ያልገባኝን ሁሉ በሴደር ማለት ለመድኩ። አየሽ፣ እኔም ተለውጫለሁ፤ ደራሲው አልዋሸም።»

«የፈራ ሰው ያደረገዎት ነገር ካለ፣ መልሶ የሚጠይቅ ሰው የሚያደርግዎትም አይጠፋም። ነገ አብሬዎት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።»

ሄዱም። አቶ ማንያዘዋል በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መምህር ፊት «አልገባኝም፤ አልፈርምም» አሉ፤ ቲክቫም ከእኩዮቿ ጋር ቀረች። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ያልተነበበላቸውን ወረቀት አይፈርሙም፤ በስልሳ ዓመታቸው የዕብራይስጥ ፊደል ጀምረዋል። መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ የገባው ወላጅ ልጁን ከስንት ነገር ያድናል!

በሻባት፣ በሰንበት ምሳ ላይ ልጃቸውን ይቅርታ ጠየቁት። «አላወቅሁም ነበር፣ አሞስ።»

አሞስ ቀና ሳይል መለሰ። «እኔ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ገብቶኝ ነበር፣ አባ። ለዘመድ ሁሉ ‹ልጄ ተመረጠ› ብለህ ነበር፤ እንዳላሳፍርህ ዝም አልኩ። ቲክቫን ግን ዝም በይ አትበላት።»