ከስም ስር ያለ ስም

ከመገናኛ ሰሚት በሚሄደው ታክሲ ላይ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና የአባታቸውን የብራና ጸሎት መጽሐፍ በኮምፒውተር የጻፈችላቸው ልጅ ተቀምጠዋል።

«የአባቴ የክርስትና ስም የታለ?»

«አውጥቼ ‹እገሌ› አደረግኩት አባባ። ታትሞ ለዘመድ ሁሉ ይታደላል ብለውኝ የለ? ሁሉም የራሱን ስም እንዲያስገባበት ብዬ ነው።»

«በየጸሎቱ መጨረሻ ነበር እኮ።»

«በአንዴ ነው የሚለወጠው። ይሄን በዚህ ተካ ካሉት ኮምፒውተሩ ራሱ እየፈለገ ይቀይረዋል።»

«ብራናው ላይ ከአባቴ ስም ስር ሌላ ስም አለ። የድሮው ባለቤት ነው። አባቴ መጽሐፉን ሲገዛ በቢላ አስፍቆ የራሱን አስጻፈበት። ወደ ፀሐይ ስታደርጊው ግን ይነበባል። ሲጸልይ ሁለቱንም ይጠራ ነበር።»

«እኔ የጻፍኩት ላይ ከስር ምንም አይታይም።»

«እና አባቴን ማን ይጥራው?»



«እመልሳቸዋለሁ። ቀላል ነው። ስማቸው ማን ነበር?»

«ከመጽሐፉ ሁሉ ስታወጪው አላየሽውም?»

«ስጽፈው አልያዝኩትም፤ ሲወጣ ያየው ኮምፒውተሩ ነው።»

«ወልደ ገብርኤል።»

«የድሮው ባለቤትስ?»

«ገብረ ሕይወት።»

«እሳቸውንም ላስገባ?»

«ከስር አስገቢው።»

«ከስር የሚባል ነገር የለውም አልኩዎት እኮ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ከጎኑ።»

ሰሚት ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ድረስ የማላውቃቸውን ሁለት ሰዎች በልቤ በስማቸው እየጠራሁ ሄድኩ።