የካሜራው ጉድጓድ

ከመናኸሪያ ወደ ሐይቅ ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ንድፍ የዘረጋ ወጣት ተቀምጠዋል።

«ይሄ የትክል ድንጋዩ ቦታ አይደለም እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«ነው አባባ። ያውቁታል?»

«ጡረታ እስክወጣ ዘበኛው ነበርኩ።»

«እንግዲያው ደስ ይበልዎ፤ ካሜራ እየገባለት ነው። ሌባ ሁለት ድንጋይ ወስዶ የለ!»

«እሰይ! እነዚህ ቀይ ነጥቦችስ?»

«የካሜራው ምሰሶዎች የሚቆሙባቸው ናቸው። ዛሬ ቁፋሮ ጀምረናል።»

«ቦታውን ማን መረጠ?»

«እኔ። መሬቱ ድርቅ ያለ ነው፤ በብረት እየወጋሁ አፈሩ የላላበትን ፈለግኩ። ለመቆፈር ይቀላል ብዬ።»

«ልጄ፣ በዚያ ደረቅ መሬት አፈሩ እዚያ ብቻ ለምን የላላ ይመስልሃል?»

ወጣቱ ወደ ቀይ ነጥቦቹ አጎነበሰ።

«ድሮ ተቆፍሮ ነዋ። ሰው ተቀብሮበት።»

«እዚያ ላይ እኮ ድንጋይ የለም!»

«ስንቱ ወድቆ አፈር ውጦታል። ሌባው ድንጋዩን ወሰደ፤ አንተ ደግሞ ባለቤቶቹን ልታወጣ ነው?»

ወጣቱ የቆፋሪዎቹ ፎርማን ጋ ደወለ። «ቁፋሮውን አቁሙ! አሁኑኑ!»

ጥቂት አዳምጦ ስልኩን ዘጋ።

«ምን አለህ?»

«‹አጥንት አግኝተናል፣ የት እናድርገው?› አለኝ።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ወራጅ ሳልል አለፍኩት።